አስቻለች አትቆረጥም

ቀመር ሀቢቡላህ መካነ ሰላም ላይ ፎቶ ቤት እስክትከፍት ድረስ የከተማው ሰርግ ሁሉ ካሴቱ ወደ ደሴ ይላክ ነበር። ወር ከርሞ ሲመለስ በሙሽሮቹ ዙሪያ ቀይ ልብ ይበርራል፣ ስማቸውም ተሳስቶ ይጻፋል። ቀመር ይህን ታውቃለች፤ ደሴ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርታለች፣ አንዳንዱን ስም ያሳሳተችውም እሷው ነበረች።

በ2001 ዓ.ም. ወደ አገሯ ስትመለስ አንድ ካሜራ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ዲስክ ይዛ መጣች። ዲስኩ ላይ ያለው አንድ ፕሮግራም ብቻ አልነበረም። የፎቶ ማስተካከያው፣ የቪዲዮ መቁረጫው፣ የድምፅ ማጽጃው፣ ጽሑፍ የሚያንቀሳቅሰውም ሳይቀር በአንድ ጥቅል ተጭነውበታል። የስቱዲዮው ባለቤት "አንቺ ፎቶውን ልመጂ፣ ሌላውን ለወንዶቹ ተይው" ይላት ነበር። እሷ ግን ጥቅሉን እንዳለ ጫነችው። አንዱን ከፍታ እያበላሸች፣ ሌላውን ከፍታ እያበላሸች፣ ሁሉንም ለመደችው።

በዚያ ዓመት በጥር የእህል ነጋዴው አቶ ቢሻው የወንድማቸውን ልጅ እንዳልካቸውን ዳሩ። አባቱ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሙሽራዋ መቅደላዊት ከከላላ በኩል የመጣች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነች። እናቷ ወይዘሮ አስቻለች ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ድስትና ማሰሮ በበቅሎ ጭነው ገበያ ያወጣሉ። ቀመር ሰርጉን በሁለቱም ቤት ቀረጸች።

በሳምንቱ አቶ ቢሻው ፎቶ ቤት መጡ። ለሳሎናቸው በትልቁ የሚታተመውን የቤተሰብ ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ አዩና ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ።

"ይችን አውጪልኝ።"

"የትኛዋን?"

"ከሙሽራዋ በስተቀኝ ያለችውን።"

"ጋሽ ቢሻው፣ እናቷ እኮ ናቸው።"

"እናቷ መሆኗን መች አጣሁት! ምን እንደሆነች አንቺም ታውቂያለሽ። ሰው የሚላትን ሰምተሻል፣ የዓይኗንም ነገር ሰምተሻል። እንግዳ በሚቀመጥበት ግድግዳ ላይ ሸክላ ሠሪ አልሰቅልም። የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር ፎቶ ስታነሺ ከኋላው የቆመውን ውሻ አጥፍተሽለት የለ? ይኼ አይቻልም?"

ቀመር እጇ ማውሱ ላይ ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅባትም፤ ከጎን ያለውን አጥር ቀድታ ሴትዮዋ የቆሙበት ላይ መደረብ ብቻ ነው። ውሻውንም ያጠፋችው እንዲሁ ነው።

"ይቻላል" አለች።

"እንግዲያውስ?"

"አላደርገውም።"

አቶ ቢሻው ሳቅ ሞከሩ። "ከቪዲዮውም ትወጣለች።"

"ሙሽራዋ ስትመረቅ የእናቷን ጉልበት ትስማለች። እሳቸውን ቆርጬ ባወጣ ምን ልትስም ነው፣ ባዶ ወንበር? ስትወጣ እየዘፈኑ የሚሸኟትስ እሳቸው አይደሉም?"

"ሙዚቃ ደርቢበት!"

"አልደርብም።"

"ካሴቴን አምጪ!"

ከመሳቢያው አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። "ካሴቱ የእርስዎ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን ገልብጬዋለሁ፣ አልደብቅዎትም። ሙሽሮቹ ሲመጡ ሙሉውን እሰጣቸዋለሁ።"

"ከዛሬ ጀምሮ የኔ ዘመድ የሆነ በዚህ በር አይገባም" አሉና ወጡ።

በቀጥታ የሄዱት ወደ አባቷ ነው። ሸህ ሀቢቡላህ ለልጆች ቁርኣን የሚያቀሩ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ልጅዎን ይዘዙልኝ አሏቸው። ሸሁ ቀመርን አስጠርተው ጠየቋት።

"ሴትዮዋ ሰርጉ ላይ ነበሩ?"

"ከጧት እስከ ማታ፣ አባቴ።"

"አልነበሩም ብለሽ መስክሪ ነው የሚሉሽ?"

"እንደሱ ነው።"

ሸሁ ወደ እንግዳቸው ዞሩ። "አቶ ቢሻው፣ ይህን እኔም አላዛትም። ወላሂ አላዛትም።"

ቀመር ከዚያ በኋላ ሥራውን በእልህ ያዘችው። የወይዘሮ አስቻለች ዘፈን የጄኔሬተር ጩኸት ውጦት ነበር። ጥቅሉ ውስጥ ያለውን የድምፅ ማጽጃ ከፍታ ጩኸቱን ቀስ በቀስ ቀነሰችው፤ በሦስተኛው ቀን ድምፃቸው ከሥሩ ጥርት ብሎ ወጣ። ስማቸውንም ከነአባታቸው አስተካክላ ጻፈችው።

አቶ ቢሻው ካሴቱን ደሴ ልከው ያሠሩት ፊልም በሁዳዴ መግቢያ ደረሰ። መቅደላዊት በአጎትየው ቤት፣ በዘመድ መሀል ተቀምጣ አየችው። እናቷ የሉበትም። በማግስቱ ባሏን አስከትላ ፎቶ ቤቱ ገባች፤ ዓይኗ አብጧል።

"እውነት አንቺ ዘንድ አለ?"

ቀመር ወንበር ሰጥታቸው ከፈተችላቸው። የእናቷ ድምፅ ሲሰማ መቅደላዊት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እንዳልካቸው አንገቱን ደፋ።

"አጎቴ ነው ያሳደገኝ፣ መቅዲ" አለ በዝግታ። "ምን ልበለው?"

"እኔንስ ማን አሳደገኝ? ከሸክላው እሳት ፊት ቁማ ያስተማረችኝ ማን ናት? ፈርተህ ከሆነ አንተ ውጣ፣ እኔ ይዤው እሄዳለሁ።"

ቀና ብሎ ኮምፒውተሩን አየ። ከዚያ "ፎቶውንም አትሚልን" አላት ቀመርን፤ "በትልቁ።"

ወይዘሮ አስቻለችም በገበያ ቀን መጥተው ራሳቸውን አዩ። "ድምፄ ገና አልሰለለም ለካ" አሉና እንደገና አስደገሙት።

የአቶ ቢሻው ዘመዶች ሁለት ዓመት ሙሉ ፎቶ ቤቱን ሳይረግጡ ቀሩ፤ ከነሱም ጋር ብዙ የከተማ ሰርግ ቀረባት። ቀመር ጉርድ ፎቶ እያነሳች፣ ከከላላ መንገድ የሚመጡ የሸማኔና የሸክላ ሠሪ ሰርጎችን እየቀረጸች ከረመች። ከፋት እንጂ አልተጸጸተችም።

መቅደላዊት የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና ስታስነሳ ቀመርም ካሜራዋን ይዛ ሄደች። አቶ ቢሻውም ባልና ሚስቱ ሽማግሌ ልከውባቸው መጡ። ወይዘሮ አስቻለች ያሉበት የሰርጉ ፎቶ ከበሩ ትይዩ ተሰቅሏል። እሳቸው ቀና ብለው አዩትና ጀርባቸውን ሰጥተው ሊቀመጡ ሲሉ፣ መቅደላዊት ወንበሩን ከእጃቸው ተቀብላ ወደ ግድግዳው አዞረችው።

"በዚህ በኩል ይሻልዎታል፣ ጋሼ" አለች።

አቶ ቢሻው ጥቂት ቆሙ፤ ከዚያ ባዞረችላቸው በኩል ተቀመጡ።