ኮኮናቱ እኩል ከተከፈለ በኋላ

ካያል ከመንግሥት ሆስፒታል በር ስትወጣ ደሟ ፈልቶ ነበር። በማን ላይ እንደፈላ ግን ገና አልለየላትም። ሐኪሟ ላይ እንዳይሆን፣ ሴትዮዋ እውነቱን ፊት ለፊት ከመናገር በቀር ያጠፋችው ነገር የለም።

እውነቱ አጭር ነው። ካያል የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ በሃያ ዓመቷ፣ እዚሁ ደቡብ ሕንድ፣ ማዱራይ ከተማ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ገብታ የወንድነት ብልቷን ከነቆለጡ አስቆርጣ ነበር። እሷ በምትኖርበት ቤት፣ ወንድ ተብለው ተወልደው ሴት ሆነው በሚኖሩት ዘንድ፣ ይህ ኒርቫን ይባላል፤ ዳግም መወለድ ማለት ነው። አሁን ደግሞ የሴት ብልት እንዲሠራላት ፈልጋ ወረፋ ይዛ፣ ስምንት ወር ጠብቃ ገባች። ሐኪሟ መርምራ ስትጨርስ ጓንቷን አወለቀችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ብልቱ በአብዛኛው የሚሠራው ከዚያው ከድሮው አካል ቆዳ ነው አለቻት። ያ ቆዳ የለም። ከአንጀት ቆርጦ መሥራትም ይቻላል፤ ካያል ግን በልጅነቷ አንጀቷ ተበስቶ ሁለት ጊዜ ሆዷ የተከፈተ ስለሆነ ሦስተኛውን የሚደፍር ሐኪም እዚህ የለም። ከጭን ቆዳ የሚሞክሩ አሉ፣ እሱም በእሷ ላይ መሳካቱ የታመነ አይደለም።

«ያኔ የዘር ፍሬውን ብቻ አውጥተው ሌላውን ለጊዜው ቢተዉልሽ ኖሮ፣ ዛሬ መንገዱ ክፍት ነበር» አለቻት ሐኪሟ። «ማንም አልነገረሽም?»

ማን ይነግራታል! የክሊኒኩ ዶክተር እንደሆነ አስፈርሞ ቆርጦ ወደሚቀጥለዋ አለፈ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ካያል እንኳን ልትጠረጥር ደስታዋን አልቻለችውም ነበር። በአርባኛው ቀን፣ እንደ ደንቡ፣ የቤቱ አሮጊቶች ቁስሉን አይተው «እንደ መዳፍ ለጥ ያለ!» ሲሉ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ኮራችበት። አዲስ ልጅ ቤቱ በመጣች ቁጥር፣ ጠይቃትም ሳትጠይቃትም፣ ሳሪዋን ገልባ ታሳያለች። ይህ ትዝ ሲላት ወደ ቤት በሚወስዳት አውቶቡስ ውስጥ ከንፈሯን እስኪደማ ነከሰችው። ነገ ጠዋት፣ እዚያው ክሊኒክ፣ እዚያው ዶክተር ጋ የምትገባው ታማራይ ናትና።

ታማራይ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እዚህ ቤት ከገባች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ስትስቅ ሰፈሩ ይሰማታል። አንድ ቀን ባል አገባለሁ፣ ሙሉ ሴት ሆኜ አገባለሁ እያለች ሁሉንም ታስቃለች። ያንን ሲሰሙ አብረው የሳቁት ሁሉ፣ ካያልም ጭምር፣ ነገ የሚቆረጠው ነገር ከዚያ ሕልም ጋር ጉዳይ ያለው አልመሰላቸውም።

ካያል ቤት ስትደርስ ኮኮናቱ ተሰብሯል። የቤቱ እናት፣ እማ ሶርናም፣ ጠዋት በሴት አምላካቸው ምስል ፊት ሰብረውት እኩል ለሁለት ተከፍሎላቸዋል። እኩል ከተከፈለ ደግሞ አምላካቸው ፈቅዳለች ማለት ነው፣ አለቀ፤ ልጅቷ ቢላ ሥር እስክትተኛ ድረስ በፊቷ የጥርጣሬ ቃል አይነገርም። የተናገረ ደሟን እንዳፈሰሰ ይቆጠራል።

ካያል እማ ሶርናምን ወጥ ቤት ውስጥ አገኘቻቸውና የሰማችውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። እማ ሩዝ መልቀማቸውን አላቆሙም። ግማሽ ቆርጦ ግማሽ መተው ኒርቫን አይባልም፣ አምላካችንም የተከፈለ አትቀበልም አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አፍሽን ያዢ። ኮኮናቱ እኩል ተከፍሏል» አሏት።

«የኔም እኩል ነበር፣ እማ።»

እማ ሶርናም እጃቸው ሩዙ ላይ ቀረ። እሳቸውን በወጣትነታቸው ሁለት ሴቶች ጨምድደው ይዘው፣ አንዲት አሮጊት ናት በቢላ የቆረጠቻቸው። መርፌ የለ፣ ማደንዘዣ የለ።

«እኔ ከነነፍሴ ማደሬን ነው የለመንኩት» አሉ። «በኋላ ምን ያምረኛል ብሎ ማን አሰበ? ለኛ በኋላ የሚባል ነገር ነበረን?»

«ለእርስዎ አልነበረም። ለእሷ ግን አለ። አውቀን ዝም ካልን እኛው ነን የቆረጥንባት።»

እማ ግን ለታማራይ ከተናገረች ዛሬውኑ ልብሷን ይዛ ከቤታቸው እንድትወጣ ነገሯት። ካያል እኚህን ሴት ከእናቷ አብልጣ ትወዳቸዋለች፤ እናቷ ያባረረቻትን ልጅ ያበሉት እሳቸው ናቸው። ለዚህም ነው ንዴቷ የባሰባት። ጠላት ቢሆኑማ ምን ነበረበት።

ታማራይ ለነገው ሥርዓት ፊቷን እርድ ተቀብታ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ካያል ከፊቷ ተንበርክካ ነገረቻት። ስለ ቆዳው፣ ስለ አንጀቱ፣ ነገ የሚጣለው ነገር ተመልሶ እንደማይገኝ። የዘር ፍሬውን ብቻ ማስወጣት እንደሚቻል፣ ያን ካደረገች ግን እማ እንደ ሙሉ እንደማይቆጥሯት። ምንም አልደበቀችም።

ታማራይ እስኪያልቅ ሰማቻትና ዓይኗ ደፈረሰ።

«እንደ ካያል አድርጉልኝ ብዬ ነው እኮ የፈረምኩት» አለች። «ስንቴ ነው ያሳየሽኝ? ስንቴ? ዛሬ መጥተሽ ነው የምትነግሪኝ?»

ካያል ይህኛው ወቀሳ የሚገባት እንደሆነ አውቃለች፤ ቀና ብላም ተቀበለችው።

«ያኔ ይህን ሁሉ ነግረው ቢጠይቁሽ» አለች ታማራይ፣ «ምን ትያቸው ነበር?»

ካያል እውነቱን ፈለገች። የሃያ ዓመቷ ካያል ምናልባት ሁሉንም ቁረጡልኝ ትል ነበር። ምናልባትም አትልም።

«እኔ እንጃ» አለች በንዴት። «አልጠየቁኝማ!»

ልብሷን በፌስታል ከትታ ስትወጣ እማ ሶርናም በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ አላዩዋትም፣ ግን መንገድ ለቀቁላት። ከውስጥ ታማራይ ስልክ ደውላ ከክሊኒኩ ሰው ጋር ትነጋገራለች። አይደለም፣ ቀኑን መሰረዜ አይደለም ትላለች። ዶክተሩን ዛሬውኑ አገናኙኝ፣ ቢላ ከማንሳቱ በፊት የምጠይቀው ነገር አለኝ፤ መልሱንም እማ ሶርናም ባሉበት ይንገረኝ ትላለች። እማ ይህን ሰምተው አብረዋት ሊሄዱ ነጠላ ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።