የሟቹ ገንዘብ

ጥር 26 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እሑድ ማለዳ ነበር፤ ሂርጳ ያን ጊዜ ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። አቃቂ በሰቃ ካለው ቤቱ ሲወጣ በትከሻው አንድ ማዳበሪያ ተሸክሞ ነበር፤ በውስጡም የጉማ ገንዘብ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ልጁ ፊሮምሳ የጭነት መኪና ሲነዳ የኮዬ ፈጬዋን የዳሲቱን አንድያ ልጅ ፈየራን ገጭቶ ገደለ። ፍርድ ቤት የፈረደበትን ታስሮ ወጥቷል። ደም ግን ከእስራት ጋር አብሮ አያልቅም። የሟቹ ካሳ፣ ማለትም ጉማው፣ ተከፍሎ ሁለቱ ቤተሰቦች በሽማግሌ ፊት እስኪታረቁ ድረስ ፊሮምሳ ከአባቱ ደጅ መድረስ አይችልም፤ ሞጆ ተከራይቶ ይኖራል። ስለዚህ ዘመድም ጎረቤትም አዋጣ። ያቺ እሑድ ዳሲቱ ካሳውን በእጇ ተቀብላ “ይቅር ብያለሁ” እንድትል የተቆረጠች ቀን ነበረች።

ጎረቤቱ ታጁ፣ የስልጤው ባለሱቅ፣ ከሁሉ አብልጦ ያዋጣ ሰው ነው፤ በራሱ መኪና ሊያደርሰው መጣ። ማዳበሪያውን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ።

“አባባ ሂርጳ፣ ይኼን ሁሉ ብር ተሸክመው? በባንክ ብንልከው እኮ ስልኳ ላይ ይገባላት ነበር።”

“ደም በስልክ ይታረቃል እንዴ፣ ታጁ?”

“እኔ ዱቤዬን በስልክ ነው የምሰበስበው።”

“ዱቤህ እናት የለውም።”

ቃሊቲን አልፈው ወደ ኮዬ በሚወስደው መንገድ ላይ ኬላ ገጠማቸው። ፖሊሱ ወጣት ነው፤ አነጋገሩም ትሑት። ማዳበሪያውን ፈትቶ አየ። ገንዘቡ ሕግ በእጅ እንዲያዝ ከፈቀደው በላይ ነበር።

“አባቴ፣ የማን ነው?”

ታጁ በክርኑ ጎሸም አደረገውና “የኔ ነው ይበሉ” ሲል አንሾካሾከ።

ቀላል ቃል ነበረች። ነገር ግን የሂርጳ አባት በሕይወት ሳሉ እንዳስተማሩት፣ ጉማ የተሸከመ ሰው ገንዘቡን “የኔ” ካለ ሟቹን ዳግመኛ ነጠቀው፤ ዕርቁም ፈረሰ።

“የኔ አይደለም” አለ ሂርጳ።

“የማን ነው ታዲያ?”

“የሟቹ።”

“ሟቹ ማን ነው?”

“ልጄ የገደለው።”

ፖሊሱ እጁን ከማዳበሪያው አነሣና አለቃውን ጠራ። ታጁ እየማለ ቢያስረዳም ገንዘቡ ታሽጎ ተወሰደ።

ኮዬ የደረሱት ፀሐይ ካዘቀዘቀ በኋላ፣ ባዶ እጃቸውን ነው። ዳሲቱ ነጠላዋን አጥባ ለብሳ ከጠዋት ጀምሮ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጣ ኖሯል። ታጁ የሆነውን ሁሉ ነገራት። አዳምጣ ስትጨርስ ተነሣች።

“መክፈል የማይፈልግ ሁሉ ፖሊስ ያዘብኝ ይላል” አለች። “የልጄ ደም መቀለጃ ሆነ።”

እንዲህ ሆኖ ሂርጳ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ፣ በኬላውም በዳሲቱ ደጅም፣ እንደ ሐሰተኛ ተቆጠረ። ማታ ፊሮምሳ ደወለ። “ሻንጣዬን ዘግቼ ስጠብቅ ነበር፣ አባዬ” አለ።

ከዚያ በኋላ ሂርጳ ቢሮ ለቢሮ ተመላለሰ። ጉዳዩን የያዘችው መርማሪ ወንበር ስባ አስቀመጠችው።

“አባባ፣ እርስዎን ማን ከሰሰ? የተያዘው ገንዘቡ ነው።”

“እኔ ካልተከሰስሁ ገንዘቡ ምን አጠፋ?”

“አጠፋ አላልንም። ንጹሕ መሆኑን እርስዎ ያስረዱ ነው ያልነው። ያዋጡት ሰዎች ይምጡና ብሩን ከየት እንዳገኙት ይናገሩ።”

“ልጄ ሰው ገድሎ የቀረበ ዕለት ዳኛው፣ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ነው ብለው ነበር። ገንዘብ ከገዳይ ይብሳል፣ ልጄ?”

መርማሪዋ አንገቷን ደፋች። “መመሪያ ነው፣ አባባ” አለች።

ካዋጡት ሰዎች ታጁ ብቻ ቀርቦ መሰከረ። የቀሩት ፈሩ፤ የሰጡት ሳይመለስ፣ የቀራቸውም ይጠየቅ ይሆናል ብለው። ማንም ቢሆን አይፈርድባቸውም።

ክረምቱ ገባ። በነሐሴ ዳሲቱ ታመመችና ሳትታረቅ ሞተች። ሂርጳ ደሙ ሳይታረቅ ለቀብሯ መቆም አይገባውምና የለቅሶውን ድምፅ ከሩቅ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ሆኖ ሰማ። ፊሮምሳም ይህን በሰማ ጊዜ “ከእንግዲህ አይድከሙ” ብሎ ሞጆን ለቀቀ፤ ስልኩ ዳግመኛ አልተነሣም።

በኅዳር ሂርጳ ተጠራ። “ጥፋት አልተገኘም፤ ይውሰዱ” ተባለ። ማዳበሪያው እንደ ታሸገ ነበር፤ ማንም አልነካውም። ታጁ ነድቶ ኮዬ አደረሰው። የዳሲቱ በር በቁልፍ ተዘግቷል፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከጎረቤት ወጣና “ይቅር የምትለው እሷ ነበረች” አለው። “አሁን ከማን እጅ ይቅርታ ትቀበላለህ?”

ሲመሽ አቃቂ ተመለሱ። ሂርጳ ከመኪናው ወርዶ በገዛ ደጁ፣ ከበሩ ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ማዳበሪያውን በእግሮቹ መካከል አደረገ።

“ይግቡ እንጂ አባባ ሂርጳ፤ ብርድ ነው።”

“ለሟች የወጣ ገንዘብ ተመልሶ ቤት አይገባም።”

“እንግዲያው እርስዎ ይግቡ፤ እሱን እኔ እጠብቀዋለሁ።”

“የሚገባውስ ፊሮምሳ ነበር” አለ ሂርጳ።

ታጁ የሱቁን ቁልፍ ወደ ኪሱ መለሰና ከጎኑ ተቀመጠ።

ይህ ከሁለቱ አንደበት እንደ ተሰማ የተጻፈ ነው። ቀን የተሳሳተ፣ ወይም የዳሲቱ ቃል ከተናገረችው የከረረ ሆኖ ቢገኝ፣ በዚያ የነበረ ሰው ያርመው።