አውሬው ሻይ ሲጠብቅ

ሲሪል ፖኮክ ዕድሜውን ሙሉ ተዋናይ ነበር፤ ፊቱን አይቶ የሚያውቅ ተመልካች ግን የለም። ሬሳ ሆኖ ተጋድሟል፣ በገና በዓል ቲያትር ሁለት ሰው በሚገባበት የፈረስ ልብስ ውስጥ የኋላ እግር ሆኖ ጎንበስ ብሎ ከርሟል። ከለንደን ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ያለው ትንሽ ስቱዲዮ፣ ከሌላ ዓለም የመጣውን አውሬ እንዲጫወት ሲቀጥረው፣ ሚስቱ ኤድና በራሽን ተመጥኖ ከሚታደለው ያጠራቀመችውን ስኳር አውጥታ ኬክ ጋገረች።

"ይሄም ካልሰመረልኝ፣ የወንድምሽ ዓሣና ድንች ጥብስ ቤት ገብቼ ድንች እልጣለሁ። በቃኝ!" አላት እየሳቀ።

ኤድና አልሳቀችም። ሲሪል እንዲህ የሚቀልደው ሆዱ ሲባባ ነው።

የአውሬውን የጎማ ቆዳ የሰፋችው ራሷ ናት፤ የስቱዲዮው ልብስ ሰፊ ነበረች። በየጠዋቱ ባሏን እንደ ሕፃን ፓውደር ትነሰንስና ቆዳው ውስጥ ትከተዋለች። ከዚያ ሲሪል ያጓራል። እንዴት ያለ ማጓራት! ደረቱን ይደልቃል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ የካርቶን ግድግዳ ይንዳል። ቤትም መስታወት ፊት ቆሞ ይለማመድ ስለነበር ጎረቤታቸው ሚስስ ትዊድል ሐኪም እንዲያየው መክራለች።

ፊልሙ ተቆርጦና ተቀጣጥሎ ሲያልቅ ዳይሬክተሩ ሚስተር ጊልቢ ኤድናን ለብቻዋ ጠራት።

"ሚስስ ፖኮክ፣ እርስዎ ቢነግሩት ይሻላል። ማጓራቱን በሙሉ ከፊልሙ ቆርጬ አውጥቼዋለሁ።"

"በሙሉ?"

"አውሬው ብቅ ባለ ቁጥር ያየው ሁሉ ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አውሬው የሚታይባትን አንዲት ቦታ ብቻ ሳልቆርጥ ትቻለሁ።"

ኤድና ልትነግረው አልቻለችም። አፏን በከፈተች ቁጥር ስለ ዝናቡ ታወራለች።

እናም ሲሪል ምንም ሳያውቅ፣ ምርጥ ከረባቱን አስሮ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈራቸው ሲኒማ ቤት ገባ። ፊልሙ ተጋመሰ፤ አውሬው የለም። ሳይንቲስቶች ይጨቃጨቃሉ፣ ከምድር ቤቱ ድምፅ ይሰማል፣ አንዱ ሊያይ ይወርድና ሳይመለስ ይቀራል።

"እኔ የት አለሁ?" አላት በሹክሹክታ።

"ጠብቅ፣ የኔ ጌታ።"

ከዚያ ያቺ ቦታ መጣች። ጨለማው ምድር ቤት ጥግ አንድ ነገር ተቀምጧል፤ ጀርባው ብቻ ይታያል። አያጓራም። ድክም ብሎት በረጅሙ ይተነፍሳል። ጭንቅላቱን ቀስ አድርጎ ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ረጅም እጁ ጠረጴዛውን ይዳብስ ጀመር፤ አይቸኩልም፣ የሚፈልገው ነገር እዚያ መኖሩን ያውቃል። ቀጥሎ አንዲት ወጣት ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ እንቅልፍ እንደወሰዳት ታየች፤ እጁ የሚፈልገው እሷን መሰለ።

ሲኒማ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ከፊታቸው የተቀመጠች ወፍራም ሴት ባሏ ብብት ውስጥ ተወሸቀች። እያንዳንዷን ስፌት የምታውቀው ኤድና እንኳን የሲሪልን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። ማለዳ ማለዳ አጠገቧ ተኝቶ መነጽሩን የሚዳብስ የባሏ እጅ ነው፤ ቢሆንም ፈራችው።

"ኤዲ፣" አለ ሲሪል አፉን ከፍቶ፣ "ይሄ እኮ ሻዬን ስፈልግ ነው!"

እውነቱን ነበር። በዚያ ስቱዲዮ የሻይ ደወል ከተደወለ ሰማይ ቢደፋ ማንም ሥራ ላይ አይቆይም። አንድ ቀን ካሜራ ያዡ ማሽኑን ሳያጠፋ ወደ ሻዩ ጋሪ ሮጦ፣ ሲሪል ሳያውቅ ተቀርጿል። ሲሪል ግን ከነቆዳው ስለሚቀመጥ ኤድና ኩባያውን ታመጣለታለች፤ ጭምብሉ በላብ ስለሚጨልምበት በዳበሳ ያገኘዋል።

"ትወና እንኳን አይደለም" አለ። "ያ ሁሉ ማጓራቴስ?"

"ስታጓራ እኛን ለማስፈራራት ነው፤ ያስታውቅብሃል። ይሄኛው ግን ከነመፈጠራችን ትዝ አላልነውም። የራሱ ጉዳይ አለው። እሱ ነው ነፍሴን ያወጣው።"



መብራት ሲበራ የወፍራሟ ሴት ባል ሚስቱን ሊያጽናና ሞከረ። "አይዞሽ፣ ውስጡ እኮ ሰው ነው።"

"ሂድ ወዲያ!" አለችው። "ሰው? ያ ነገር? ሰው እንደዚያ አይተነፍስም!"

ኤድና ብድግ አለች። "ይስሙኝማ፣ እመቤት..."

ሲሪል እጇን ይዞ አስቀመጣት። ዕድሜውን ሙሉ እወቁኝ ሲል የኖረ ሰው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ጆሮዋ ሥር ተጠጋ።

"ዝም በይ፣ የኔ ፍቅር" አላት። "ትፍራ።"