ቀለበት የሌለው ገበቴ

ቅርጽ ማስተማር አይቻልም ብዬ የተከራከርኩት እኔ ደሬሳ ነኝ። እጅ ይማራል፤ ዓይን ግን ወይ ተሰጥቶሃል ወይ የለህም፣ አልኳቸው። የሙያ ታላቄ ጋሽ ሙሐዲን ፈገግ ብለው እንጨት ማሽከርከሪያ ቶርኗቸውን አስነሱ። ዝም የሚል ሰው ያናድደኛል። እሳቸው ግን ዝም ብለውም ይረታሉ።

ነገሩ የሆነው በ1978 ነው። ጂማ መርካቶ ያለው የእንጨት ሥራ ማኅበራችን አዳዲስ አባላት እንዲያሠለጥን ታዘዘ። ማስተማሩ ለጋሽ ሙሐዲን ተሰጠ። በጂማ ከእሳቸው በላይ ቶርኖ የሚያውቅ አልነበረምና ማንም ቅር አላለውም፤ እኔም እንኳ።

ከሠልጣኞቹ አንዷ ዘይቡ ናት። ባሏ አብዱልፈታሕ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። እሷ ቡና መጋዘን ውስጥ ለቀማ ትሠራ ነበር፤ አቧራው ደረቷን ጎድቶት ሐኪሙ ይህን ሥራ ተዪው ብሏታል። የማኅበሩን ፈተና ካላለፈች ግን የሚጠብቃት ያው መጋዘን ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ጋሽ ሙሐዲን መሮ ከማስያዛቸው በፊት ካርቶን አስያዟቸው። ሠልጣኙ የሚሠራውን ዕቃ ግማሽ ጎን ካርቶን ላይ ሥሎ ይቆርጣል፤ እንጨቱ ቶርኖው ላይ ሲሽከረከር ቆይቶ ሲቆም ካርቶኑን እያስጠጋ ያመሳክራል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ዕቃው ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ይቀመጥና ሁሉም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጥላውን ብቻ ያያል። የዋንዛ እንጨት ቀለም ያባብላል፤ ጥላ ግን አያባብልም ይሉ ነበር። መጀመሪያ ሰምቼ ሳቅኩ። ከሳምንት በኋላ ግን ሰው ሳያየኝ ራሴ የሠራሁትን የአልጋ እግር መስኮቱ ላይ አቁሜ አየሁት። ያየሁትን ጉድለት ለማንም አልተናገርኩም።

ዘይቡ የቀለበት ፍቅር ነበራት። በዚህስ አልፈርድባትም። የጂማ ሰዎች ነን፤ ዙሪያውን ቀለበት ያልተቀረጸበት የአልጋ እግር ሙሽራ ቤት አይገባም፤ የእኔም ስም እስከ ሰርቦ ከተማ የታወቀው በቀለበቶቼ ነው። የእሷ ቀለበት ግን ሌላ ነበር። መሮው ነክሶ እንጨቱን በፈነቀለው ቁጥር የተጎዳውን ቦታ እየጠረበች ቀለበት ታደርገዋለች። አንድ ቀን ጋሽ ሙሐዲን ሥራዋን ተቀብለው ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ።

«እዚህ ጋ ደነገጥሽ፣ ልጄ» አሏት። «እዚህም ደነገጥሽ። እዚህም።»

አንገቷን ደፋች። እሳቸው ግን አዲስ ካርቶን ሰጥተው ከመጀመሪያው አስጀመሯት። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከየት እንደሚያመጡት እስካሁን አይገባኝም።

ለፈተናው እያንዳንዱ ሠልጣኝ ስድስት ሰው የሚያበላ የገንፎ ገበቴ እንዲሠራ ተባለ። ፈታኞቹ ጋሽ ሙሐዲን፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ሣህሉና እኔ ነበርን። ጋሽ ሙሐዲን ደግሞ የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ገንፎ ያልተበላበት ገበቴ አይዳኝም። ውስጡ በልኩ ከጎበጠ ማንኪያ ሳይደናቀፍ ይጠርገዋል፤ ጉብታ ወይም ስርጓዳ ካለው ገንፎው እዚያ ተደብቆ ይቀራል።

ዘይቡ የገበቴዋን ውጪ ጨርሳ ከንፈሩ አጠገብ ስትደርስ መሮው ነከሰ። ድምፁን ከክፍሉ ማዶ ሰማሁት። ቶርኖውን አጠፋችና ቁስሉን አየችው፤ ጥልቅ ነበር። በቃ፣ ቀለበት መጣ አልኩ በልቤ። ጋሽ ሙሐዲንም አይተዋል፤ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

ካርቶኗን አነሳች። ከእንግዲህ ለዚህ እንጨት እንደማይሆን ሲገባት መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቶርኖውን አስነስታ ከንፈሩን ከቁስሉ በታች ቆረጠች፤ ጎኑንም ያለ ካርቶን፣ በዓይኗ ብቻ፣ ከላይ እስከ ታች እንደገና አወረደችው። ሰጋቱራው እግሯ ሥር ተቆለለ። ትቆማለች፣ ራቅ ብላ ታያለች፣ ትቀጥላለች። እንዲህ ስትሠራ አይቻት አላውቅም። ውስጡን ፈልፍላ ስትጨርስ ገበቴው የጓደኞቿን ግማሽ እንኳ አያህልም ነበር።

የማኅበሩ ወጥ ቤት ሠራተኛ አበራሽ ገንፎውን በየገበቴው ሞላች። ከሌሎቹ ሁሉ ስንበላ ማንኪያችን የሆነ ቦታ ላይ ተደናቀፈ። ከዘይቡ ገበቴ ግን ገንፎው ጥርግ ብሎ ወጣ። አበራሽ ደግማ ሞላችበት፤ ሣህሉ ብቻውን ጠረገው።

ሣህሉ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን መመሪያ ይወዳል። ልኩ አልሞላም፣ የተባለው ለስድስት ሰው ነው አለ። ቁስሉን ቀለበት አድርጋ ልኩን ለምን እንዳላዳነችም ጠየቃት።

«ቀለበት ባደርገው ስድስት ሰው ያበላ ነበር» አለች ዘይቡ። «እኔ ግን በበላሁ ቁጥር የማየው የደነገጥኩበትን ቦታ ነው።» ቀጥላም፣ «እኛ ቤት አሁን እኔና ልጄ ብቻ ነን። ለሁለት ይበቃል» አለች።

ሣህሉ የቀበሌም ሰው ነው፤ ሦስተኛው፣ ባሏ፣ የት እንደሄደ፣ ለውትድርናው ማን ስሙን እንደጻፈው ከሁላችን በላይ ያውቃል። የያዘውን ማንኪያ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ትግባ» አለ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

ጋሽ ሙሐዲን ገበቴውን በጨርቅ ወልውለው በሁለት እጃቸው ለዘይቡ መለሱላት።

«የስድስት ሰውን ባልሽ ሲመለስ ትሠሪዋለሽ» አሏት።

«ኢንሻአላህ» አልን ሁላችንም። በዚያ ዘመን በስብሰባ ላይ የፈጣሪን ስም የማይጠራው ጓድ ሣህሉም አብሮን አለ።