የተጠባባቂዋ አፍ

ሙዋንዲዳ መጥታ ሜዳዬ ዳር ስትቀመጥ፣ "ሌባዋ መጣች" አልኩ። በልጅነቷ እኔው እያሰለጠንኳት ኔትቦል ትጫወት ነበር። ኳስ በእጅ ብቻ በሚነካበት ጨዋታ፣ ኳሷ መሬት ከወደቀች በእግሯ ትጠልዛታለች። "አንቺ ልጅ፣ እግርሽን እሰሪው!" እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። የት ታስረዋለች! ሄዳ የማላዊ ሴቶች እግር ኳስ ቡድን አጥቂ ሆነች፤ ጉልበቷ ሲደክም ደግሞ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ አደረጓት።

አሁን በረኛ እየፈለገች ነው አሉ። በረኛ ቁመት ይፈልጋል፤ የከተማችንን የዞምባን ረጃጅም ልጆች ሁሉ የሰበሰብኩት ደግሞ እኔ ነኝ። በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ልወጣ ነው፣ የዞምባን ዋንጫ አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም። ተስፋዬ ሁሉ በረጅሟ ልጅ በዚዮኔ ላይ ነበር፤ እጇ ኳስ የሚገባበትን ቅርጫት ሊነካ ምንም አይቀረው። እሷን ብትወስድብኝስ? "አሟታል" ብዬ ቤቷ አስቀረኋት።

ሙዋንዲዳ ግን ስለ ዚዮኔ አልጠየቀችም። ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች፣ የተጠበሰ ማንዳሲ ዳቦዋን እየገመጠች፣ ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች። ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ።

"ምነው ልጄ፣ እንቅልፍሽን ልትጨርሺ ነው የመጣሽው?"

"እየሰማሁ ነው፣ እትዬ።"

"ኳስ ይሰማል እንዴ?"

ሳቀችና ማንዳሲዋን ገመጠች። በመጨረሻ ተነስታ ፍርፋሪውን ካገለደመችው ቺቴንጄ አራገፈችና፣ "ሉሱንጉን ስጪኝ" አለች።

ሳቄ አመለጠኝ። ሉሱንጉ ከተጠባባቂ ወንበር ተነስታ አታውቅም። "በቀኝሽ! ከኋላሽ መጣችልሽ! ለዚዮኔ ስጫት!" ስትል ትውላለች። እኔም "ኧረ በፈጠረሽ፣ ዝም በይ!" ስላት እውላለሁ።

"ውሰጃት፣ ጆሮዬም ይረፍ!" አልኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የዞምባ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ዚዮኔ ኳሷን ቀለበችና ቆመች። ግራ ቀኝ አየች። ኳስ ይዞ መገተር አይፈቀድም፣ ዳኛዋ ፊሽካዋን ነፋችባት። ደግማ ቀለበች፣ ደግማ ቆመች። ሌሎቹም እንደዚያው፣ አንዷ የአንዷን እግር ትረግጣለች። ሁሉም ወደ ተጠባባቂ ወንበሩ ያያሉ። እኔም አየሁ። ልጮህላቸው አፌን ከፈትኩ፤ ምን ልበል? ለካ ስንት ዓመት ጨዋታውን ስትመራልኝ የኖረችው ያቺ ልጅ ናት! በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። ዋንጫው ዓይኔ እያየ ሄደ፤ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ሰኞ ወደ ሙዋንዲዳ ደወልኩ። "ዚዮኔን ውሰጂና ሉሱንጉን መልሺልኝ።"

"አይሆንም፣ እትዬ። አጥቂ ሳለሁ ረጅም በረኛ አስፈርቶኝ አያውቅም። የምፈራው አፍ ያላትን ነበር፤ የት እንደቆምኩ ለተከላካዮቿ የምትናገርብኝን።"

ከጀርባዋ አንድ ድምፅ ሜዳውን ሲያናጋው ይሰማኛል፦ "ግራሽን ያዢ! ግራሽን!"

"ያቺ ሉሱንጉ ናት?"

"እሷ ናት። ግን አንዳንዴ በመሃል ጩኸቷን ቀጥ ታደርጋለች። 'ምነው?' ስላት፣ 'እትዬ ይቆጣሉ' ትለኛለች።"



"አቅርቢልኝ" አልኳት። "ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ፤ ጩኺ ልበላት።"