አባቴ ኖራ የቀባባቸው ሥዕሎች

አባቴ ቀለም ቀቢ ነው። ዕድሜ ልኩን የሰው ቤት ሲያሳምር ኖሮ የገዛ ሳሎናችን ግን እንደተላጠ ነው፤ ይህን ክርክር ከጀመርኩት አልጨርሰውም። በተወለደበት ሸለቆ «ኖራው» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ለቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ አምርረው ነው። ወጣት ሳለ የጥንቱ ጸሎት ቤት አስተዳዳሪዎች «ግድግዳው በሻማ ጭስ ጠቁሯል፣ ነጭ አድርግልን» አሉትና ግድግዳውን በሞላው ያ ሁሉ የጥንት ሥዕል ላይ ኖራ ቀባበት። ሰው ሲቆጣ ያዘዙት «እኛ የለንበትም» ብለው እርፍ። እርግማኑ ለእሱ ብቻ ቀረ። አገሩን ጥሎ ወጣ፤ የእናቱን ቀብር እንኳ ከሩቅ ቆሞ ነው ያየው።

በቀደም ሬዲዮው ከጸሎት ቤቱ ግድግዳ ላይ ኖራው እየተነሣ መሆኑንና ቤቱ ለጎብኚ መከፈቱን ሲያወራ አባዬ ብድግ ብሎ ዘጋው።

«እንሄዳለን» አልኩት።

«አበድሽ እንዴ? በየትኛው ዓይኔ ነው የማየው?»

«በሁለቱም! ይኼን ሸክም ይዘህማ መቃብር አትገባም፣ እኔ ቆሜ እያየሁ!»

አፌ አያርፍም፣ ምን ይደረግ። አውቶቡሱ ተራራውን ሲወርድ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ጎተተ። በሩ ላይ ስንደርስ «አንቺ አይተሽ ንገሪኝ» ብሎ ቆመ። ክንዱን ይዤ አስገባሁት።

ውስጥ አንዲት የጥገና ባለሙያ ለጎብኚዎች ታስረዳለች። ልጅ እግር ናት፣ ፀጉሯ ላይ አቧራ ተነስንሷል። መጀመሪያ ከበሩ አጠገብ ያለውን ኖራ ያልነካውን ግድግዳ አሳየችን። ጭስና ፍሳሽ በልቶት እድፍ ብቻ ቀርቷል። ቀጥላ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ መራችን። ወይ ጉድ! ሰማያዊው፣ ቀዩ፣ የመላእክቱ ጉንጭ ሳይቀር ትናንት የተሣለ ይመስላል።

«ይኼን ያተረፈው ኖራው ነው» አለች። «ደግሞ የሚገርመኝ፣ ቀለም ቀቢ ኖራው እንዲይዝለት አስቀድሞ ግድግዳውን ይፍቃል። ይኼ ግን ጭረት እንኳ የለውም። ሰውየው ለምን እንዳልፋቀው አልገባንም።»

«ፍቀህ ቅባ ብለውኝ ነበር» አለ አባዬ።

ሁሉም ዞሮ አየው።

«የቀባሁት እኔ ነኝ። ሥዕሎቹ ፊት ለፊት እያዩኝ እንዴት ብዬ ልፋቃቸው? አንጀቴ አልቻለም። ላያቸው ላይ ቀባሁና ‹ፍቄአለሁ› ብዬ ዋሸሁ።»

ይኼን ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም። ተናድጄበትም ነበር፤ ይኼን ሁሉ ዘመን እየተሰደበ ዝም ይባላል?

ባለሙያዋ ጠጋ ብላ ኖራውን የምታነሣበትን ትንሽ ቢላዋ አቀበለችው። «እንግዲያው አባት፣ ኖራው ገና ያልተነሣለትን ይኼን ጥግ እርስዎ ይግለጡት።»

«እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልጄ።»

«እኔ እይዝዎታለሁ።»

አንጓውን ደገፍ አድርጋ ያዘችለት። ኖራው እየተቀረፈ ወረደ፤ መጀመሪያ ቅንድብ፣ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ የአንዲት ሴት ሙሉ ፊት ወጣ። ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል አለቀስኩ።

አባዬ ለተገለጠችው ሴት ኮፍያውን አወለቀ።

«ቆየሁብሽ አይደል?» አላት።