የግራው ቋሚ ቋጠሮ

በዚያ ክረምት ዝናቡ አራት ወር ሙሉ አላባራም። የቤት ውስጥ ሆኪ የሚካሄድበት አዳራሽ ጣራ ሰባት ቦታ ላይ አፈሰሰ፣ የወለሉ ጣውላ አበጠ። ልምምድ ቆመ። ከዘጠኝ ሠራተኛ ስድስቱ ተሰናበቱ። የመረብ ጠጋኙ ሚስት ክረምቱ ሲጋመስ ታመመች፣ ሳይወጣ ተቀበረች። በዚያው ሰሞን ከድንበር ማዶ ወሬ መጣ፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እዚሁ አዳራሽ ለእንግዳው ቡድን የተሰለፈው በረኛ ሞቷል አሉ።

መረብ ጠጋኙን ሁሉም ጋሽ መርፌ ይለዋል፤ የመረብ መርፌ ከደረት ኪሱ ስለማይጠፋ። ወሬውን በሰማ በማግስቱ ጠዋት በሩን ሲከፍት ከውስጥ ድምፅ መጣ። ቋ። ቋ።

ድምፁን ያውቀዋል። የሆኪ በረኛ ጎሉ ውስጥ ሲቆም ወደ ኋላ ሳይዞር ቦታውን ለማወቅ በዱላው የግራና የቀኙን ቋሚ ነካ ያደርጋል። ጋሽ መርፌ ገብቶ አየ። ሰው የለም። የግራው ቋሚ ግርጌ ላይ መረቡን የሚይዘው ቋጠሮ ግን ተፈትቶ ክሩ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

አሰረው። በማግስቱም ተፈትቶ አገኘው። በሦስተኛውም ቀን።

«አይጥ ነው» አለችው የጽዳት ሠራተኛዋ፣ መወልወያዋን ተደግፋ።

«አይጥ ይበጥሳል እንጂ አይፈታም።»

«እንግዲያው የተማረ አይጥ ነዋ! ከኔና ካንተ ሳይሻል አይቀርም።» ብቻዋን ሳቀች። «ጋሼ፣ ምን አይተህ ነው እንዲህ የገረጣኸው?»

«ምንም።»

ያየውንስ ለማን ይናገራል? ያኔ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ በአገሮች የወንዶች ውድድር የፍጻሜ ዕለት ጠዋት የዚያ ቋጠሮ ክር ሳስቶ አገኘው። መርፌው ቤት ቀርቷል። ከግራ ጫማው ጥቁር ማሰሪያውን መዝዞ አሰረበት፤ ለዛሬ ይበቃል አለ። ሁለት ደቂቃ ሲቀር የአገሩ አጥቂ የገፋት ኳስ የሜዳውን ጎን የከለለውን ሳንቃ ገጭታ፣ ማሰሪያውን በጥሳ፣ በቋሚውና በመረቡ መሀል ከውጭ ሾልካ ገባች። ዳኛው ጎል አለ። የእንግዳው ቡድን በረኛ በጎን ነው የገባችው ብሎ ጮኸ። ዳኞቹ መሀል ሜዳ ሲመካከሩ ጋሽ መርፌ ሮጦ የተበጠሰውን ኪሱ ከተተ፣ በቀኝ ጫማው ማሰሪያ ቋጠረ። ዳኞቹ መጥተው ቢስቡት መረቡ ፍንክች አላለም።

«አንተ አይተሃል! ንገራቸው እንጂ!» አለው በረኛው።

«የኔ መረብ አይፈታም» አለ ጋሽ መርፌ።

ጎሉ ጸደቀ፤ ሕዝቡ አጨበጨበለት። በረኛው የራስ ቁሩን ወለሉ ላይ ከሰከሰው፣ ተባረረ። በአገሩም ውሸታሙ በረኛ ተባለ፤ ዳግመኛ አልተሰለፈም። ሲወጣ ግን አንዴ ዞሮ የጋሽ መርፌን ጫማ አየ። ሁለቱም ማሰሪያ የላቸውም።

በጋው ገባና ጣራው ተጠገነ። ውድድሩም ከስንት ዓመት በኋላ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። የፌዴሬሽኑ ሊቀ መንበር ጋሽ መርፌን ትከሻውን መታ አድርጎ «በመዝጊያው ላይ ሜዳሊያ ይጠብቅሃል። አርባ ዓመት ሙሉ መረብህ አንድ ቀን አላሳፈረንም» አለው። ጋሽ መርፌ መሬት መሬት አየ።

ከድንበር ማዶ የመጣው ቡድን ልምምድ ሲጀምር አንድ ረጅም በረኛ ጎሉ ውስጥ ቆመ። ቋ። ቋ። መርፌው ከጋሽ መርፌ እጅ ወደቀ።

«የዚያ የውሸታሙ ልጅ ነው አሉ» አለች ጽዳቷ።

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረህ?»

«ሲያንኳኳ ሰማሁት።»

ሁለቱ አገሮች ለፍጻሜ ደረሱ። በፍጻሜው ዕለት ጋሽ መርፌ ያንን ቋጠሮ በአዲስ ክር ሦስት ጊዜ አሰረው። ተመልካች እስኪሞላ ድረስ አጠገቡ ተቀምጦ ዓይኑን አልነቀለም።

እኩል ለእኩል ሆነው ሁለት ደቂቃ ቀረ። የአገሩ አጥቂ ገፋ፤ ኳሷ ሳንቃውን ገጨች፤ መረቡ ውስጥ ታየች። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። በረኛው እጁን አነሳ፤ «በጎን ነው የገባችው!» እያለ ወደ ዳኞቹ ሄደ።

እንደ ደንቡ መጀመሪያ መረቡ ጋ የሚደርሰው ጋሽ መርፌ ነው። ተንበረከከ። ሦስቱም ቋጠሮዎች ተፈትተዋል። አልተበጠሱም፤ ክሩ በእጅ እንደተፈታ ቀጥ ብሎ ተጋድሟል። ጣቶቹ ሳያዛቸው አነሱት፣ አንዴ ጠመጠሙ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢስብ ያልቃል።

ከራሱ በላይ ቋ አለ። ቋ።

ቀና አለ። በረኛው መሀል ሜዳ ነው፤ ዱላው እግሩ ሥር ወድቋል። ጎሉ ውስጥ ማንም የለም።

ክሩን ለቀቀው። አራት ጣቱን በቀዳዳው አስገብቶ መረቡን ወደ ላይ ያዘው።

«ዳኛ! ና እየው!»

«ምን ሆነ?»

«እጄን እየዋ! በዚህ ነው የገባችው። ጎል አይደለም።»

«ሽማግሌው ጃጀ!» አለ አንዱ ከላይ። «አንተ የማን ወገን ነህ?» አለ ሌላው። ሊቀ መንበሩ ከወንበሩ ተነሳ። ጋሽ መርፌ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ያኔም በዚህ ነው የገባችው! እናንተ ሳትመጡ የቋጠርኩት እኔ ነኝ። ያ በረኛ አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ!»

ጩኸቱ ቀስ በቀስ ሞተ። ዳኛው ጎንበስ ብሎ ቀዳዳውን አየ፣ እጁን አወናጨፈ፤ ጎሉን ሻረ። ረጅሙ በረኛ መጥቶ ከፊቱ ቆመ።

«አባባ» አለ፣ «አባቴ እስኪሞት ድረስ ሲቆጭ ነበር። ‹ጫማውን እዩት ማለት እንዴት አልመጣልኝም› ይል ነበር።»

ጋሽ መርፌ እጁን ደረት ኪሱ ከተተ። ከመርፌው ሥር የተበጠሰውን ጥቁር ማሰሪያ አወጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር።

«የአባትህ ምስክር ነው» አለው።

በረኛው ወፍራሙን ጓንት አወለቀና በባዶ እጁ ተቀበለው።